የኮሚኒቲ ኮሌጅ ስፖርት፦ ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

የፌዴራል የተማሪ እርዳታ የሚቀበልና የስፖርት ቡድን ያለው፣ ወንዶችንም ሴቶችንም የሚያስተምር የአሜሪካ ኮሌጅ ሁሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሕግ መሠረት፣ የስፖርቱን ገቢና ወጪ በየዓመቱ ለትምህርት ሚኒስቴር ያሳውቃል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሪፖርቱ ለማንም ክፍት ነው፤ የኮሌጁን ስም ጽፎ መክፈት ብቻ ነው። የኮሚኒቲ ኮሌጆቹን ሪፖርት ተራ በተራ የሚያይ ሰው ግን ቶሎ ይገረማል። በብዙዎቹ ገቢውና ወጪው እስከ መጨረሻዋ ዶላር እኩል ነው። አልከሰሩም፣ አላተረፉም። እንዲህ ያለ ተአምር በሌላ ንግድ አይታይም።

ምስጢሩ ቅጹ ላይ ነው። ቅጹ ጠቅላላ ገቢው ወጪውን እንዲሸፍን ይጠይቃል፤ ኮሌጁ ከራሱ ካዝና ለስፖርት የሚያወጣው ድጎማም «ገቢ» ተብሎ ይመዘገባል። ጉድለቱ ምንም ያህል ቢሆን ኮሌጁ ከግራ ኪሱ አውጥቶ ቀኝ ኪሱ ውስጥ ይከትና ሂሳቡ ይዘጋል። ሕጉ የወጣው በወንዶችና በሴቶች ስፖርት መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት እንጂ ስፖርቱ አዋጭ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ስላልነበረ ጥፋቱ የቅጹ አይደለም። ችግሩ በአካባቢው ክርክር በተነሳ ቁጥር አንዱ ወገን ይህንኑ ወረቀት ይዞ «ስፖርታችን ራሱን ችሏል» ማለቱ ነው። ራሱን የቻለ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ስፖርት አለ ቢሉኝ ለማመን እቸገራለሁ።

የትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት በቴሌቪዥን ውል፣ በትኬትና በባለጸጋ ለጋሾች ይኖራል። የሁለት ዓመቱ ኮሌጅ ከእነዚህ አንዱም በቁም ነገር የለውም። ማክሰኞ ማታ በሚደረግ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ በር ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ የዳኞቹን አበል ከሸፈነ ጥሩ ነው። ቀሪው ከተማሪዎች መዋጮ፣ ከክፍለ ግዛቱ በጀት፣ እንደ ካንሳስ ባሉ ቦታዎች ደግሞ ከካውንቲው ነዋሪ የንብረት ግብር ይመጣል። ማለትም በዕድሜው ጨዋታ አይቶ የማያውቅ የቤት ባለቤት ቤቱ ላይ በተጣለው ግብር ቤዝቦል ይደግፋል።

ዘርፉ ደግሞ ትንሽ አይደለም። በ1938 የተቋቋመው የጁኒየር ኮሌጆች ብሔራዊ አትሌቲክስ ማኅበር፣ በአጭሩ ኤንጄሲኤኤ፣ 500 ያህል ኮሌጆችንና ወደ 60,000 የሚጠጉ ተጫዋቾችን ያቀፈ ነው። ካሊፎርኒያ የራሷ ማኅበር አላት፤ የዋሽንግተንና የኦሬገን ኮሌጆችም እንዲሁ ለብቻቸው ተደራጅተዋል። ከዚህ ቤት የወጡት ስሞች ቀላል አይደሉም። የቤዝቦሉ ጃኪ ሮቢንሰን ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት የፓሳዴና ጁኒየር ኮሌጅ ልጅ ነበር። የቤዝቦሉ አልበርት ፑሆልስ ሚዙሪ ውስጥ በሜፕል ዉድስ፣ የቅርጫት ኳሱ ጂሚ በትለር ቴክሳስ ውስጥ በታይለር፣ የፉትቦሉ ካም ኒውተን እዚያው ቴክሳስ በብሊን ኮሌጅ አልፈዋል። አሰልጣኞች ወላጅ ፊት እነዚህን ስሞች መደርደር ይወዳሉ። ስም የማይጠራላቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ግን ሁለት ዓመት ተጫውተው የኳስ ሕይወታቸው እዚያው የሚያበቃ ናቸው፤ የሂሳቡም ጥያቄ የእነርሱ ነው።

ኤንጄሲኤኤ ኮሌጆችን በሦስት ዲቪዥን ይከፍላል፤ መስመሩም በገንዘብ የተሰመረ ነው። ዲቪዥን አንድ የትምህርት ክፍያ፣ መጽሐፍ፣ መኝታና ምግብ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላል። ዲቪዥን ሁለት የትምህርት ክፍያና መጽሐፍ ላይ ይቆማል። ዲቪዥን ሦስት በስፖርት ስም ምንም አይሰጥም። ወላጆች ይህን ልዩነት ሳያውቁ ልጃቸውን ፊርማ ላይ ያደርሱታል። የሚፈረመውም ውል ለአንድ የትምህርት ዓመት ብቻ የሚጸና ነው፤ ሁለተኛው ዓመት በአሰልጣኙ ፈቃድ ላይ ነው።

ታዲያ ገቢ ከሌለው፣ ኮሌጆች ለምን ስፖርት ይይዛሉ? ይባስ ብሎ ለምን አዳዲስ ቡድን ይጨምራሉ? መልሱ በአንድ ቃል ምዝገባ ነው። የአሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ተማሪ ብዛት በ2010 አካባቢ ጣሪያ ነክቶ ከዚያ በኋላ ለዓመታት አሽቆለቆለ፤ ኮሮና ደግሞ ቁልቁለቱን አባሰው። የክፍለ ግዛት ድጎማ በአብዛኛው ከተማሪ ቁጥር ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ወንበር ባዶ ሲሆን ካዝናም ባዶ ይሆናል። ተጫዋች ደግሞ ለኮሌጅ የሚመች ተማሪ ነው። ለመጫወት በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መውሰድ አለበት፤ እየሠራ ማታ ማታ አንዲት ኮርስ የሚወስድ ሰው አይደለም። ከሩቅ ከመጣ ዶርም ይሞላል። ከድሃ ቤተሰብ ከሆነም በዓመት እስከ 7,395 ዶላር የሚደርሰውን የፌዴራል ፔል ግራንት ይዞ ይመጣል። ብዙ ኮሌጆች በቅድሚያ ፔሉ እንዲከፍል ያደርጉና በስፖርት ስኮላርሺፕ የጎደለውን ብቻ ይሞላሉ።

የኮሌጅ ፕሬዚዳንቶች ለቦርዳቸው የሚያቀርቡት ስሌት ከዚህ ይነሳል። በሐሳብ ቁጥር ልሥራው። አንድ ኮሌጅ 40 ልጅ ያለው የቤዝቦል ቡድን አቋቋመ እንበል። የትምህርት ክፍያው ለአንድ ተማሪ በዓመት 3,000 ዶላር፣ የክፍለ ግዛቱ ድጎማም እንዲሁ 3,000 ነው። 40 ተማሪ 240,000 ዶላር አመጣ ማለት ነው። ወጪው ደግሞ ይህን ይመስላል፤ ለዋና አሰልጣኝ 55,000፣ ለረዳቱ 10,000፣ ለጉዞ 45,000፣ ለዕቃ 15,000፣ ለኢንሹራንስ 12,000፣ ለሜዳ 20,000። ከ40ዎቹ ለ20ው የትምህርት ክፍያ ከተተወላቸው 60,000 ይጨመራል። ድምሩ 217,000። ኮሌጁ 23,000 ዶላር አተረፈ፤ ቦርዱ አጨበጨበ።

አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ እንጨምር። ከ40ዎቹ ስንቶቹ ቡድኑ ባይኖርም እዚያው ኮሌጅ ይገቡ ነበር? አሥሩ የአካባቢው ልጆች ናቸው፣ ቤዝቦል ኖረም አልኖረም ይመዘገቡ ነበር ካልን፣ ቡድኑ በእርግጥ ያመጣው 30 ተማሪ ነው፤ ገቢውም 180,000 ነው። 23,000 የነበረው ትርፍ 37,000 ኪሳራ ሆነ። በዚህ ላይ 30ዎቹን የሚያስተምረው መምህር ደመወዝ ገና አልተቆጠረም። ክፍሎቹ ግማሽ ባዶ ከነበሩ ሠላሳ ልጅ መጨመር ብዙ አያስወጣም፤ አዲስ ክፍል መክፈት ካስፈለገ ግን ስሌቱ እንደገና ይገለበጣል። እኔ ያየኋቸው የ«አዋጭነት» ሰነዶች ስንቱ ያለ ስፖርትም ይመጣ ነበር የሚለውን ጥያቄ አያነሱም። መልሱን ማግኘት ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ተመዝጋቢዎቹን መጠየቅ ነው።

በወረቀት የማይታይ ወጪም አለ። በትናንሽ ኮሌጆች ያ የ10,000 ዶላር ረዳት አሰልጣኝ ቫኑን ራሱ ይነዳል፤ ሦስት ሰዓት ሄዶ፣ ተጫውቶ፣ ለልጆቹ በየሰው የተመደበችውን የእራት ገንዘብ አድሎ፣ ሌሊቱን ሦስት ሰዓት ነድቶ ይመለሳል። ጠዋት ሜዳው ላይ ሣር ሲያጭድ ይገኛል፤ ማልያ የሚያጥበውም እሱ ነው። በጀቱ የሚዘጋው በዚህ ሰው ጉልበት ነው። ዘርፉ በሙሉ በእንዲህ ያሉ ወጣቶች ተስፋ ላይ ቆሟል፤ ዛሬ በርካሽ የሚሠሩት ነገ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይጠራናል ብለው ነው።

ነገሩ ጫፍ የወጣው በአሜሪካ ፉትቦል ነው። ካንሳስን እንይ። የክፍለ ግዛቱ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ሊግ ቀደም ሲል አንድ የፉትቦል ቡድን ከሌላ ክፍለ ግዛት የሚያመጣቸውን ተጫዋቾች በ20 ገድቦ ነበር። በ2016 ገደቡ ተነሳ። ወዲያው ከፍሎሪዳ፣ ከጆርጂያ፣ ከኒው ጀርሲ ልጅ በብዛት ማጓጓዝ ተጀመረ። 8,500 ገደማ ሕዝብ ያላት ኢንዲፔንደንስ ከተማ ኮሌጇ በኔትፍሊክስ ተከታታይ ፊልም ላይ ወጥቶ በዓለም ታወቀ። ፊልሙ ከዚያ በፊት የተቀረጸው ሚሲሲፒ ውስጥ ስኩባ በምትባል ከ1,000 ያነሰ ነዋሪ ባላት ከተማ ነበር፤ እዚያ ያለው ኢስት ሚሲሲፒ ኮሌጅ ከ2011 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት አምስት ጊዜ ብሔራዊ ዋንጫ ወስዷል። ፊልሙ ተመልካችን ያስለቅሳል፣ ያስቃል፤ ተሳዳቢ አሰልጣኝ ታዋቂ ያደርጋል። ለልጆቹ ምግብና ዶርም ማን እንደሚከፍል ግን ብዙም አይጠይቅም።

በነሐሴ 2018 በጋርደን ሲቲ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከኒው ጀርሲ የመጣ የ19 ዓመት ተጫዋች በመጀመሪያው ቀን የሩጫ ልምምድ በሙቀት ምት ሞተ። ገለልተኛ መርማሪዎች በልምምዱና በእርዳታ አሰጣጡ ላይ ከባድ ድክመት አገኙ፤ ኮሌጁ በኋላ ለቤተሰቡ 500,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ይህን የማነሳው ለማሳዘን አይደለም። የስፖርት ሕክምና ባለሙያ መቅጠር፣ የቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ማዘጋጀት፣ አሰልጣኞችን ስለ ሙቀት ምት ማሠልጠን በበጀት ላይ ተራ መስመሮች ናቸው፤ ገንዘብ ሲጠብም በቀላሉ የሚነኩት እነሱ ናቸው። መቶ ልጅ ከሩቅ አምጥቶ የሚያድናቸው ባለሙያ የሌለው ኮሌጅ ርካሽ ፕሮግራም የለውም፤ ዕዳውን ገና አልከፈለም። እዚያው ካንሳስ ፎርት ስኮት ኮሚኒቲ ኮሌጅ በኅዳር 2021 ፉትቦሉን ዘጋ። የሃቺንሰን ኮሌጅ ግን ፉትቦሉን ቀጥሎ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆኗል። ሃቺንሰን ከ1949 ጀምሮ የጁኒየር ኮሌጆችን የወንዶች ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ የምታስተናግድ ከተማ ስለሆነች እዚያ ስፖርቱ የከተማው ባህል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ሊግ ውስጥ ያሉ ሁለት ኮሌጆች ተቃራኒ ውሳኔ ላይ ቢደርሱ አይገርምም።

አሪዞና የሄደችበት መንገድ የበለጠ ግልጽ ነበር። ክፍለ ግዛቱ በ2015 ለማሪኮፓና ለፒማ ኮሌጆች የሚሰጠውን የበጀት ድጎማ ሙሉ በሙሉ አቆመ። በየካቲት 2018 የማሪኮፓ ዲስትሪክት አራቱንም የፉትቦል ቡድኖቹን፣ ማለትም የሜሳን፣ የስኮትስዴልን፣ የግሌንዴልንና የፊኒክስን፣ ከዚያው ዓመት ውድድር በኋላ እንደሚዘጋ አስታወቀ። የሰጠው ምክንያት በቁጥር የተደገፈ ነበር። 358 የፉትቦል ተጫዋቾች ከዲስትሪክቱ ስፖርተኞች 20 በመቶ እንኳ አይሞሉም፤ የስፖርት ኢንሹራንሱን ከግማሽ በላይ፣ የስፖርት በጀቱንም ሲሶ ይወስዳሉ። በዓመት 770,000 ዶላር ያህል ይወጣል፤ ሜዳና ሕንፃ ለማደስ ደግሞ ከ20 ሚሊዮን በላይ ያስፈልጋል። ፒማም በዚያው ዓመት ተከተለ። ተቃዋሚዎች ውሳኔው በተለይ ጥቁር ወጣቶችን ከኮሌጅ በር ይመልሳል አሉ። ክርክራቸው ባዶ አልነበረም።  ቢሆንም ቁጥሩን በአደባባይ አስቀምጦ መወሰን፣ ዝም ብሎ ከመቀጠል ወይም ዝም ብሎ ከመዝጋት ይሻላል ባይ ነኝ።

ካሊፎርኒያ ሌላ ዓለም ናት። 116 የሕዝብ ኮሚኒቲ ኮሌጆች አሏት፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ስፖርት አላቸው፤ በስፖርት ስኮላርሺፕ የሚሰጥ ግን አንድም የለም። ክልክል ነው። አሰልጣኝ ከራሱ ዲስትሪክትና ከአዋሳኞቹ ውጭ ሄዶ ልጅ መመልመል አይፈቀድለትም፤ ከሩቅ የሚመጣ ልጅ ቀድሞ ራሱ መደወል አለበት። የትምህርት ክፍያው ለነዋሪ በክሬዲት 46 ዶላር ስለሆነ ሙሉ ሴሚስተር 552 ዶላር ነው፤ ለድሃ ተማሪ ይህም ይሰረዝለታል። ብዙ አሰልጣኞች የኮሌጁ መምህራን ናቸው፤ ልምምዱም ክሬዲት ያለው ኮርስ ሆኖ ስለሚመዘገብ ከክፍለ ግዛቱ ድጎማ ያስገኛል። የፉትቦሉ ኮከብ አሮን ሮጀርስ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይፈልጉት ሲቀሩ ከቤቱ አጠገብ ቢዩት ኮሌጅ ገባ፤ የበርክሊ አሰልጣኝ ሌላ ተጫዋች ለማየት መጥቶ እሱን አየው።

ይህ ሥርዓት ልጆቹን በቤታቸው ዙሪያ ስለሚያቆይ ርካሽ ነው፤ ግን ምንም አያስከፍልም ማለት አይደለም። ወጪው ወደ ልጁ ይዞራል። በአብዛኛው ኮሌጅ ዶርም የለም፣ የምግብ ካርድ የለም፣ የቤት ኪራይ ደግሞ የኦክላንድ ኪራይ ነው። የኔትፍሊክሱ ፊልም በ2020 ኦክላንድ ወዳለው ሌኒ ኮሌጅ ሲሄድ መኪናው ውስጥ እያደረ የሚጫወት ልጅ አሳይቷል። ኮሌጁ በመዝገቡ ስኮላርሺፕ ዜሮ ብሎ ሲጽፍ፣ ያ ዜሮ በልጁ ጀርባ ላይ የተጫነ ነው። ከሁለቱ መንገዶች የካሊፎርኒያው ይሻላል እላለሁ፤ ኮሌጁ ለአካባቢው ልጅ ነው የሚለውን ሐሳብ አልሳተምና። መኪና ውስጥ ለሚያድረው ልጅ ግን ሥርዓቱ የተሻለ መሆኑ እራት አይሆነውም።

የሴቶቹን ጉዳይ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የ1972ቱ ሕግ፣ ታይትል ናይን፣ ሴቶች በስፖርት እኩል ዕድል እንዲያገኙ ያዛል፤ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግሞ ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ እናቶችና ሠራተኞች ስለሆኑ ቡድን መሙላት ያስቸግራል የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው። ነገር ግን መቶ ወንድ በያዘ የፉትቦል ቡድን ላይ አሥራ ሁለት ሴት ያለው የመረብ ኳስ ቡድን አስቀምጦ «ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም» ማለት ደግሞ አያስኬድም። ፉትቦል ሲዘጋ ሕጉ ሰበብ ይደረጋል፤ ማሪኮፓ ውስጥ ግን የተዘጋው በኢንሹራንስና በሕንፃ ወጪ ነው።

ከላይ ያለው ገበያም ተለውጧል። ዩኒቨርሲቲዎች በዝውውር በር በኩል ልምድ ያለው የ22 ዓመት ተጫዋች ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ማምጣት ሲችሉ ከሁለት ዓመት ኮሌጅ ልጅ የሚፈልጉበት ምክንያት ይቀንሳል። በሰኔ 2025 የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾቹ እንዲያካፍል ፈቅዷል፤ በአንጻሩ የቡድን አባላትን ቁጥር ገደበ። ቦታ ያጣው ወደ ታች ይወርዳል፤ የታችኛው ወደ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ይመጣል። በሌላ በኩል ከሁለት ዓመቱ የኒው ሜክሲኮ ወታደራዊ ተቋም ተነስቶ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የደረሰው የፉትቦል ተጫዋች ዲዬጎ ፓቪያ በታኅሣሥ 2024 የዩኒቨርሲቲዎችን ስፖርት የሚመራውን ኤንሲኤኤን በፍርድ ቤት ተከራክሮ፣ በጁኒየር ኮሌጅ የተጫወተበት ጊዜ ሳይቆጠርበት ተጨማሪ ዓመት እንዲጫወት አስፈቀደ። ይህ የሁለት ዓመት ኮሌጅን ለተጫዋች ማራኪ ያደርገዋል። ለኮሌጁ ካዝና ግን የሚያስገባው ሳንቲም የለም፤ ሚሊዮኑ የሚሰላው ልጁ ከሄደ በኋላ ነው።

ጉዳዩ የእኛን ሰዎችም ይነካል። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን በብዛት ከሚልኩባቸው ኮሌጆች አንዱ ሜሪላንድ ውስጥ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነው።  እንግዲህ «ልጄ በእግር ኳስ ነፃ ይማራል» ብሎ ተስፋ ያደረገ አባት ኮሌጁ በየትኛው ዲቪዥን እንደሚጫወት አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ ዲቪዥን ሦስት ከሆነ በስፖርት የሚሰጥ ገንዘብ የለም። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ፔልና ሌላው በችግር ላይ የተመሠረተ እርዳታ ነው፤ ለዚያም የፌዴራሉን የእርዳታ ማመልከቻ በጊዜ መሙላት ይጠይቃል። ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ የሚመጣ ሯጭ ደግሞ ፔል አያገኝም፤ ስለዚህ የዲቪዥን አንድ ወይም የዲቪዥን ሁለት ኮሌጅ ውል ካልያዘ የውጭ ተማሪ ክፍያ በሙሉ እሱ ላይ ነው። ሌላም አለ። ልጁ ሙሉ ሰዓት ተማሪ ሆኖ በተመዘገበበት ቀን የኤንሲኤኤ የአምስት ዓመት ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፤ እንደ ፓቪያ በፍርድ ቤት ካላስፈቀደ በቀር፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ መሆኑ አያቆመውም።

ፍርዴን ልናገር። በአካባቢ ልጆች የተሞላ፣ ብዙ ሰው የማይጠይቅ ስፖርት፣ ማለትም አገር አቋራጭ ሩጫ፣ እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ ቢከስርም መያዝ ይገባዋል፤ ቤተ መጻሕፍትም ያከስራል። ከሩቅ በሚመጡ ልጆች የሚሞላ ፉትቦል ግን ለአብዛኛው ትንሽ ኮሌጅ አይገባም። ያም ሆኖ ግብር ከፋዩ ቁጥሩን አይቶ «እከፍላለሁ» ካለ መብቱ ነው። ያልተፈቀደው ሳያሳዩት ማስከፈል ነው። እያንዳንዱ ኮሌጅ በእያንዳንዱ ስፖርት ያወጣውን፣ ከተጫዋቾቹ ስንቱ ያለ ቡድኑም ይመጣ እንደነበረና ስንቱ ዲግሪ ይዞ ወይም ተዛውሮ እንደወጣ በአንድ ገጽ ማውጣት ይችላል። ሦስቱም በእጁ ያሉ ወይም ጠይቆ የሚያገኛቸው መረጃዎች ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ የኮሌጁ ቦርድ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በብዙ ቦታ ለመናገርም ይፈቀዳል። ልጅዎ ሊፈርም ከሆነ ደግሞ ከመፈረሙ በፊት አሰልጣኙን ይጠይቁ፤ የሚሰጠው ገንዘብ በቁጥር ስንት ነው፣ በሁለተኛው ዓመትስ ማን ይከፍላል? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።